እርማት፦ ግላዲስ አይልዋርድ ወደ ፍቅረኛዋ አልተመለሰችም

ቻይና ውስጥ ስላገለገለችው እንግሊዛዊት ሚሲዮናዊ ስለ ግላዲስ አይልዋርድ «ልጆቹን አሻግራ ወደ መኮንኑ ፍቅረኛዋ ተመለሰች» ላልከው ወንድሜ፣ ይሄ ስለ እሷ የተሠራው የሆሊውድ ፊልም («The Inn of the Sixth Happiness») ፈጠራ ነው። ግላዲስ እ.ኤ.አ. በ1940 መቶ ያህል ልጆችን ከጃፓን ወረራ ለማሸሽ ይዛቸው ከቻይናዋ ያንግቼንግ ከተማ ተነሳች። ተራራውን በእግር፣ ቢጫውን ወንዝ በጀልባ አቋረጡ። ልጆቹን ካደረሰች በኋላ ተስቦ ጣላትና ራሷን ሳተች። የምን ወደ ፍቅረኛ መመለስ! ዕድሜ ልኳን አላገባችም፤ የፊልሙ የፍቅር ትዕይንትም አሳፍሯታል።

ወደ ቻይና የላካትም ትልቅ ሚሽን (የወንጌል ስርጭት ድርጅት) አልነበረም። አመልክታ አልተቀበሏትም፤ ለንደን በቤት ሠራተኝነት ባጠራቀመችው ገንዘብ የባቡር ትኬት ቆርጣ በሳይቤሪያ በኩል ሄደች።

መልኳንስ? በፊልሙ እሷን ሆና የተጫወተችው ተዋናይ ኢንግሪድ በርግማን ረዥም ነበረች። ግላዲስ ግን አንድ ሜትር ተኩል ገደማ፣ ፀጉሯም ጥቁር። በልጅነቷ በዚህ ትበሳጭ ነበር አሉ። ቻይና ስትገባ ግን ዙሪያዋ ያለው ሰው ሁሉ አጭርና ባለጥቁር ፀጉር ሆኖ አገኘችው።