የእኔ ምርጫ ሃዲክስ ነው

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ከቤዝቦል ሪከርዶች ሁሉ እንግዳው የኳስ ወርዋሪው የጆኒ ቫንደር ሚር ነው ይላል። እ.ኤ.አ. በ1938 በአራት ቀን ልዩነት፣ በሁለት ተከታታይ ጨዋታዎቹ አንድም ሂት (መቺው ኳሱን መትቶ ቤዝ፣ ማለትም የሜዳው ማረፊያ ላይ በሰላም የሚደርስበት ምት) አላስመታም። ከባድ ነው፣ አልክድም። እኔ ግን ሃርቪ ሃዲክስን አስቀድማለሁ።

ሜይ 26፣ 1959፣ ሚልዋኪ። የፒትስበርጉ ወርዋሪ ሃዲክስ ጉንፋን ይዞት ነበር የገባው። እንዲያም ሆኖ 36 መቺዎችን በተከታታይ አስወጣ። 12 ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) ሙሉ አንድ ሰው እንኳ ቤዝ ላይ አልደረሰም! መደበኛው ጨዋታ እኮ 9 ኢኒንግ ብቻ ነው። ችግሩ የራሱ ቡድንም ነጥብ አላገባም። 12 ሂት መትተው ዜሮ! በ13ኛው አንድ የፒትስበርግ ተከላካይ ኳስ አበላሽቶ አንድ መቺ ቤዝ ላይ ደረሰ፣ ከዚያ የሚልዋኪው ጆ አድኮክ ኳሱን ከአጥር ውጭ ላከው። ቤዝ ላይ የነበረው ሃንክ አሮን ግን ኳሱ አጥሩን መሻገሩን ስላላየ መንገዱን ትቶ ወጣ፣ አድኮክም አለፈው፤ ይህ ደግሞ አይፈቀድም። ሆም ረኑ (ከአጥር ውጭ የተላከው ምት) ተሰርዞ፣ በተበላሸው ኳስ ቤዝ የደረሰው ሰው ነጥብ ብቻ ተቆጥሮ ውጤቱ 1 ለ 0 ተባለ። ሃዲክስ ተሸነፈ። ይባስ ብሎ በ1991 ሊጉ ደንቡን ሲያጠብቅ ጨዋታው «ኖ ሂተር» (እስከ መጨረሻው ሂት ያልተመታባቸው ጨዋታዎች) ከሚባሉት ዝርዝር ወጣ። ግፍ አይደለም ትላላችሁ?

ቁጥር ለምትወዱ ደግሞ መቺው ስታን ሙዚያል አለላችሁ። በተጫዋችነት ዘመኑ ሁሉ በሜዳው 1,815 ሂት፣ ከሜዳው ውጭም 1,815። ሆን ብሎ እንኳ ቢሞክር የሚሳካለት አይመስለኝም።