የሰፈሩ ሚስጥር ቁጥር

ቱሉ ዲምቱን የሚያሙ ሰዎች አሉ። ከከተማው ይርቃል፣ ታክሲ አይገኝም፣ ውሃው በፈረቃ ነው ይላሉ። ይበሉ። እኛ ግን መሀል ከተማ የሌለ ሀብት አለን። እንተማመናለን። እንዴት ያለ መተማመን መሰላችሁ! ቦሌ የሚኖር ሰው የጎረቤቱን ስም አያውቅም። እኛ የጎረቤታችንን ፒን እናውቃለን።

ካላመናችሁ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ከኮንዶሚኒየሙ ስር ካሉት ሱቆች አንዱ ጋር ቁሙ። ሰው ከስራ እየገባ ነው። ዳቦ የሚገዛ፣ ዘይት የሚገዛ፣ ለልጁ ወተት የሚገዛ ተሰብስቧል። ብር በእጁ የያዘ የለም ማለት ይቻላል፤ ሁሉም በስልክ ነው የሚከፍለው። አንዱ ወጣት ስልኩን አውጥቶ ለባለሱቁ ያቀብለዋል።

"አንተው ላከው ባክህ፣ እጄ ሞልቷል።"

ባለሱቁ አፑን ከፈተ።

"ፒኑ ያው ነው?"

"ያው ነው።"

"የሚስትህ ልደት?"

"እሱን ለኤቲኤም አደረግኩት። ይሄኛው የልጄ ነው።"

ከኋላ ሽንኩርት የሚመርጡት ሴትዮ ቀና አሉ። "ልጁማ ጥቅምት 12 አይደል የተወለደው? እኔ አይደለሁ እንዴ ገንፎውን ያገነፋሁት!"

ባለሱቁ 1202 ብሎ አስገባ። ብሩ ሄደ። ማጨብጨብ ብቻ ነው የቀረን። የት አገር ነው እንዲህ ያለ ፍቅር የሚገኘው?

አሁን ለባንኮቹ እዘኑላቸው። እነዚህ ሰዎች ያችን ቁጥር ለመደበቅ ያላደረጉት ነገር የለም። የኤቲኤም ፒን በታሸገ ፖስታ ሲሰጡን ኖረዋል፤ የሚያስረክበን ሰራተኛ እንኳ እንዳያየው። ማሽኑ ላይ ስንነካው ቁጥሩ ገና ከቁልፎቹ ሳይወጣ እዚያው ይመሰጠራል። የባንኩ ኮምፒውተር ውስጥም እንዳለ መቀመጥ የለበትም፤ ሰው አንብቦ በማይረዳው መልክ ነው የሚቀመጠው። ፒናችሁን ብትረሱና ቅርንጫፍ ብትሄዱ "ቁጥራችሁ ይኸው" የሚላችሁ የለም። አዲስ አውጡ ነው የምትባሉት። አያውቁትማ!

እንግዲህ የባንኩ ፕሬዚዳንት የማያውቁትን ቁጥር የኛ ባለሱቅ ያውቀዋል። ዳቦ የሚያመላልሰው ልጅም ያውቀዋል። ያችን የታሸገች ፖስታስ ምን አደረግናት? ቀደድናት። ቁጥሩን በእስክሪብቶ ካርዱ ጀርባ ላይ ጻፍነው። ካርዱን ቦርሳችን ውስጥ ከተትነው። ሌባ እንዳይንገላታ ማሰብም ደግነት ነው።

ሆድ ካገር ይሰፋል ይሉ ነበር የድሮ ሰዎች። ሞባይል ባንኪንግ ስላልነበራቸው ነው። የኛ ሆድ አራት አሃዝ አይችልም።

ለነገሩ አራት አሃዝ የሆነውም በቤተሰብ ምክክር ነው። በዓለም የመጀመሪያው ተብሎ የሚጠቀሰው የገንዘብ መክፈያ ማሽን በ1967 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ኤንፊልድ በሚባል ሰፈር ተተከለ። ማሽኑን ያሰቡት ጆን ሼፐርድ ባሮን እንዳወሩት፣ መጀመሪያ ያሰቡት ስድስት አሃዝ ነበር። ሚስታቸውን ጠየቁ። ሚስታቸውም ከአራት በላይ አላስታውስም አሉ። አራት ሆኖ ቀረ። እሳቸው እስከ ሚስት ብቻ ነው ያሰቡት። እኛ አሻሻልነው። ሚስት ብትረሳ ባለሱቁ ያስታውሳል፤ ባለሱቁ ቢረሳ ሽንኩርት የሚመርጡት ሴትዮ አሉ።

አመራረጣችንም ይደነቅ። ባለ አራት አሃዝ ፒን 10,000 አይነት መሆን ይችላል። 1234 እያለ ግን ምን ያንከራትታል? በዚህ እንኳ ብቻችንን አይደለንም። በ2012 እ.ኤ.አ. ዳታጄኔቲክስ የተባለ የውጭ ድርጅት፣ ሾልከው ከወጡ የይለፍ ቃሎች ውስጥ ወደ 3.4 ሚሊዮን ባለ አራት አሃዝ ቁጥሮችን አውጥቶ መርምሮ ነበር። ከመቶው ወደ 11 የሚጠጋው 1234 ሆኖ ተገኘ። በጣም ጥቂት ሰው የመረጠው ደግሞ 8068 ነበር። ይሄን ለአንድ ጎረቤቴ አጫወትኩት። ደስ አለው። ሳምንት ሳይሞላ የደረጃችን ሰው በሙሉ 8068 ሆኖ አረፈው።

በግንቦት 2013 ቴሌብር መጣና ስድስት አሃዝ ጠየቀን። አንድ ሚሊዮን አይነት ቁጥር! ሰፈሩ አልደነገጠም። 1234 ላይ 56 ጨምሮ ኑሮውን ቀጠለ።

የተወለዱበትን ዓመት የሚያደርጉም አሉ። እነዚህ ጥንቁቆቹ ናቸው። ሌባው መታወቂያቸውን ቢያገኝ እንኳ ዓመቱን በኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጆቹ እንዳደረጉት አያውቅም። ስለዚህ ሁለት ጊዜ መሞከር አለበት። ማሽኑ ደግሞ ካርዱን የሚይዘው ሶስተኛው ስህተት ላይ ነው።

የደሞዝ ሰሞን ኤቲኤሙ ጋር ብትመጡ ደግሞ ሌላ ትርኢት አለ። ቢጫ መስመር የለም፣ ብትፈልጉም ማንም አይቆምባትም። ሁለተኛው ተሰላፊ የመጀመሪያው ትከሻ ላይ አገጩን አስደግፏል። አንዷ ልጅ ቁጥር ስትሳሳት ከኋላዋ ያለው ሰውዬ ያርማታል፦ "መጨረሻ ላይ 7 ነበር የምትነኪው፣ ባለፈው ወር።" እማማ ሲመጡ ጥበቃው ዱላውን ግድግዳ ላይ ያስደግፍና ካርዱን ይቀበላቸዋል። "ቁጥሩ ስንት ነው እማማ?" እማማ ጆሯቸው ደከም ብሏል። እሱ ይጮኻል። እሳቸውም ይጮኻሉ። ተራ የሚጠብቁት የባጃጅ ልጆች ሰምተው አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፤ ትክክል ነው፣ አልተቀየረም።

እዚህ ጋ ቀልዱን ትንሽ ላቁም። ማንበብ የማይችሉ፣ ስክሪኑ የማይታያቸው እናት ምን ያድርጉ? ማሽኑ ለሳቸው አልተሰራም፤ ሰው ማመን ግዴታቸው ነው። እኔ የማደንቀው ዲግሪውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ ፒኑን ስልኩ ውስጥ "ፒን" ብሎ የመዘገበውን ነው።

የባንክ ሰዎች የአንድን ሰው ማንነት በሶስት ነገር ነው የሚያረጋግጡት። አንደኛው ሰውየው የሚያውቀው ነገር ነው፣ እንደ ፒን። ሁለተኛው በእጁ የያዘው ነገር ነው፣ እንደ ስልክና ሲም ካርድ። ሶስተኛው ከአካሉ የማይለየው ነው፣ እንደ አሻራና ፊት። ቢያንስ ሁለቱ ሲገጥሙ ነው ብር መንቀሳቀስ ያለበት፤ አንዱ ቢሰረቅ ሌላው እንዲያስጥል። ጥሩ ሀሳብ ነው። እኛ ጋ ግን ሶስቱም እንደ እድር ድንኳን የጋራ ሆነዋል። ፒኑን ባለሱቁ ያውቀዋል። ስልኩ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ያለው ፀጉር ቤት ቻርጅ ላይ ይውላል። አሻራውስ? አንድ ስልክ ላይ የባል፣ የሚስት፣ የእህት ልጅ፣ የሰራተኛዋም አውራ ጣት ተመዝግቧል። ያልተመዘገበ ልጅ ካለ አባቱ እስኪተኛ ይጠብቃል።

እንግዳ ተቀባይነታችን ሙሉ ለሙሉ የሚታየው ግን ከማናውቀው ቁጥር ሲደወልልን ነው።

"ከባንኩ ዋና መስሪያ ቤት ነው እናቴ። ሲስተም እያስተካከልን ነው። አሁን በሜሴጅ የሚደርስዎትን ኮድ ቢያነቡልኝ?"

ያ ኮድ ኦቲፒ የሚባለው ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ይሰራል፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥም ይሞታል። ባንኩ ራሱ ስለሚልከው ባንኩ ደውሎ የሚጠይቅበት ምክንያት የለም። ሌባው ግን ሌላ ስልክ ላይ አካውንታችሁን ሊከፍት ተዘጋጅቶ ያችን ቁጥር ብቻ ነው የቀረው። ጎረቤታችን መነጽራቸውን አደረጉ። ስልኩን ስፒከር ላይ አደረጉት። አንድም ነገር መዝለል ስለማይወዱ ከላይ ጀመሩ።

"'ይህን ቁጥር ለማንም እንዳይናገሩ' ይላል ልጄ።"

"በጣም ትክክል ነው እናቴ። ለማንም እንዳይናገሩ። ከዚያስ?"

"ከዚያ... አራት፣ ዘጠኝ..."

አነበቡለት። መረቁትም። በዚህ ሙቀት ቢሮ ተቀምጦ ስለሳቸው ብር ይጨነቃልና። ማታ አካውንቱ ባዶ ሲሆን የሰደቡት ግን ባንኩን ነው። "ሲስተማቸው ልል ነው!" አሉ። ደረጃው ሁሉ ተስማማ። ሲስተሙ ልል ነው።

ይሄን ሁሉ ባህል አንድ ሰው ሊያፈርሰው ነበር። ሶስተኛ ፎቅ የሚኖር ሰውዬ ነው። ስራ ቦታው ስልጠና ወሰደ መሰለኝ፣ አንድ ማታ መጥቶ ፒኑን ቀየረ። መቀየሩ ባልከፋ። ለማንም አልተናገረም!

ጠዋት ባለሱቁ እንደ ሁልጊዜው ስልኩን ሊቀበለው እጁን ዘረጋ። ሰውየው ወደ ጎን ዞሮ፣ ስክሪኑን በመዳፉ ከልሎ፣ ራሱ ነካካው። ባለሱቁ ፊቱ ተለዋወጠ። "ሌባ ነኝ እንዴ ወንድሜ?" አለው። ዳቦውን ሳይጠቀልል ሰጠው። እስከ ማታ ወሬው ግቢውን ዞረ። ብር አግኝቶ ነው የሚሉ ነበሩ። ሌላ ሴት ይዟል የሚሉ ነበሩ፤ እነዚህ በዙ። ሚስቱ ደጋግማ ሞከረች፣ የልጁን ልደት፣ የሷን፣ 8068ን። ተቆለፈባት። እናቷ ዘንድ ሄደች።

በሶስተኛው ቀን ሽማግሌ ተላከ። ነጭ ጋቢ የለበሱ ሶስት ሰዎች ሶፋው ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። እኔም ለምስክርነት ተጠርቼ ነበር። ሰውየው ስለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ሊያስረዳ ሞከረ። በትዕግስት ሰሙት። ከዚያ ታላቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉና "ልጄ፣ የምትደብቀው ነገር ከሌለህ ምን አስፈራህ?" አሉት። መልስ አጣ።

ቡና ተፈላ። ሚስቱ ተመለሰች። ባለሱቁም ተጠርቶ መጣ፣ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ሰውየው ግን ሙሉ ለሙሉ እጅ አልሰጠም፤ ከእንግዲህ ፒኔ በጥብቅ ሚስጥር ይያዛል ብሎ አስምሎናል። አዲሱን ቁጥር የምናውቀው ስድስት ሰዎች ብቻ ነን።