እስከ እረፍት ድረስ ጎሉ የት ነው?

ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ የመጀመሪያውን አጋማሽ ማባከን የሚያቆሙት መቼ ነው? እ.ኤ.አ. በ2013 ደቡብ አፍሪካ፣ በ2022 ደግሞ ካሜሩን ላይ በተደረጉት ሁለት የአፍሪካ ዋንጫዎች ስድስት ጨዋታ ተጫውተን ያገባነው ሦስት ጎል ነው። ከእረፍት በፊት የገባው አንድ ብቻ፤ ዳዋ ሆቴሳ ከካሜሩን ጋር ስንጫወት በ4ኛው ደቂቃ ያስቆጠረው። እሱንም የካሜሩኑ ቶኮ ኤካምቢ በ8ኛው ደቂቃ አቻ አደረገው።

የ2013ቱ የዛምቢያ ጨዋታማ እስከ ዛሬ ያንገበግባል! ሳላዲን ሰዒድ የመታው ፍጹም ቅጣት ምት ተመለሰ፣ በረኛችን በቀይ ወጣ፣ ለእረፍትም የገባነው 1 ለ 0 ተመርተን። አዳነ ግርማ አቻ ያደረገን ከእረፍት በኋላ ነው።

ኳስ መያዝ አላቃተንም። ግን ከበረኛ ወደ መሃል ተከላካይ፣ ከዚያ ወደ ጎን፣ እንደገና ወደ በረኛ ስንቀባበል ተጋጣሚ ተሰብስቦ ቦታውን ይዘጋል። የመስመር አጥቂው ኳሱን የሚያገኘው ቆሞ፣ ጀርባውን ለጎሉ ሰጥቶ፣ ሁለት ሰው ተጠግቶት ነው። የመስመር ተከላካዩ በውጭ በኩል ሮጦ ካልደረሰለት ወደ ኋላ ከመመለስ ሌላ ምን ያድርግ? ቢያሻማም ሳጥን ውስጥ ያለው አንድ አጥቂ በሁለት ረጃጅም ተከላካዮች መሃል ነው። ራቅ ያለው የጎል ቋሚ ጋ የሚደርስ የለም፤ የተመለሰውን ኳስ ከሳጥኑ ጫፍ የሚመታም የለም።

አማካዩ መሮጥ ያለበት ኳሱ ገና ወደ መስመር ሲወጣ ነው፤ ከተሻማ በኋላ ቢሮጥ አይደርስም። ሦስት ሰው ሳጥን ውስጥ፣ አንድ ሰው ጫፉ ላይ፣ ያውም ከ1ኛው ደቂቃ ጀምሮ! ጎል ገብቶብን ስንመራ የምናየውን ሩጫ 0 ለ 0 ሳለን ለምን አናየውም?