«ሰቨን ጫንልኝ» ከማለታችሁ በፊት

ሜክሲኮም ይሁን አራት ኪሎ፣ ኮምፒውተር ጥገና ቤት ውስጥ ትንሽ የቆየ ሰው «ሰቨን ጫንልኝ» የሚል ደንበኛ አያጣም። ላፕቶፑ ገና ላስቲኩ አልተላጠም። ሰቨን የሚሉት የማይክሮሶፍቱ ዊንዶውስ 7 ግን እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ነው። ማይክሮሶፍትም እ.ኤ.አ. ጥር 2020 ላይ ለተራው ተጠቃሚ ድጋፉን አቁሟል። ከ2014 ጀምሮ ጧሪ ቀባሪ የሌለው፣ ከሰቨንም የሚያረጀው ዊንዶውስ ኤክስፒ እንኳ አልፎ አልፎ ይጠየቃል። አልሞት ባይ ተጋዳይ!

በእኔ እይታ አብዛኛው ደንበኛ የሚፈልገው ሰቨንን አይደለም። በሰቨን የለመደውን አንድ ፕሮግራም ነው። እሱ የትኛው እንደሆነ ሳይጠየቅ ወደ ፎርማት መግባት የደንበኛውንም የባለሙያውንም ጊዜ መብላት ነው።

እስቲ ጫኙ ልጅ የሚያየውን አሳር እንይ። ፍላሹ ይነሳል። ባለ አራት ቀለሙ አርማ ብልጭ ብልጭ ይላል። ቋንቋ ምረጥ የሚለው ገጽ ይመጣል፤ እዚያ ላይ ማውሱ ድርቅ ይላል። ኪቦርዱም እንደዚያው። ልጁ ፍላሹን ነቅሎ በሌላ ቀዳዳ ይሰካል፣ ማውስ ይቀይራል፣ አጥፍቶ ያበራል። አንዳንዴ ደግሞ «የሲዲ ድራይቨር ጎድሏል» የሚል መልእክት ይመጣል። ሲዲ የሚባል ነገር በአካባቢው የለም!

የተበላሸ ነገር ግን የለም። ሰቨን ሲወጣ ዩኤስቢ 3.0 የሚባለውን አዲሱን የፍላሽና የማውስ መሰኪያ የሚያውቅ ድራይቨር፣ ማለትም ዊንዶውስን ከዕቃው ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም፣ አብሮት አልተሰጠም። የድሮ ማሽኖች እሱ የሚያውቀውን የቆየ የዩኤስቢ መቆጣጠሪያም ስለያዙ ችግሩ ብዙም አይታይም ነበር። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2015 ካወጣው ስድስተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ጀምሮ ያ መቆጣጠሪያ ቀረ። መፍትሔው ፍላሹ ከመዘጋጀቱ በፊት ድራይቨሩን መጫኛው ፋይል ውስጥ ማስገባት ነው። ዴስክቶፕ ከሆነና ክብ ቀዳዳው ካለው የድሮ ኪቦርድም ያድናል።

ይህን ያለፈ ሰው ቀጥሎ ዲስኩን ያጣዋል። አዲሶቹ ላፕቶፖች የያዙትን ኤንቪኤምኢ የሚባል ፈጣን ዲስክ ሰቨን በራሱ አያውቀውም። ዝርዝሩ ባዶ ይሆናል። ዲስኩ ቢገኝም «አከፋፈሉ ጂፒቲ ነው፣ አልጫንም» ሊል ይችላል፤ ጂፒቲ አዲሱ የዲስክ አከፋፈል ዘዴ ነው። ይኼኔ የቸኮለ ባለሙያ ጥቁሩን መስኮት ከፍቶ «ክሊን» የምትለዋን፣ ዲስኩን በሙሉ የምትጠርገዋን ትእዛዝ ይመታል። ችግሩ ይፈታል። «ዲ» በሚባለው የዲስኩ ክፍል ላይ የነበረው የሠርግ ፎቶም አብሮ ይሄዳል። ኤክስፒ ላይ ደግሞ ዲስኩን አላገኘሁም የሚለው፣ ቁጥሩ በ7ቢ የሚያልቀው ሰማያዊ የስህተት ገጽ አለ። ድሮ የማሽኑ መነሻ ማስተካከያ (ባዮስ) ገብቶ የዲስኩን አሠራር ከአዲሱ ኤኤችሲአይ ወደ አሮጌው አይዲኢ መቀየር ይበቃ ነበር፤ በአዲስ ማሽን ግን ብዙ ጊዜ ምርጫው ራሱ የለም።

ተጭኖም አያልቅም። ዋይፋይ የለም። ስክሪኑ የተለጠጠ ነው። ኢንተርኔት መክፈቻው ክሮም ከ109ኛው ስሪት በላይ አይሄድም። የእኛ ጎረምሶች ግን ይህን ሁሉ አልፈው ያስነሱታል፤ ችሎታቸውን አልጠራጠርም። ፒያሳ ሲፈርስ ደንበኛው የተበተነበት ባለሙያማ «ይቅርብህ» ብሎ ሰው ለመመለስ አንጀቱ አይችልም።

ታዲያ ያ አንድ ፕሮግራም ምንድን ነው? የሒሳብ ክፍል ከሆነ ብዙ ጊዜ ፒችትሪ የሚባለው የድሮ የሒሳብ መዝገብ ፕሮግራም ነው። ጽሕፈት ቤት ከሆነ የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ነው። ዊንዶውስ የግዕዝ ፊደልን በራሱ ይዞ የመጣው ከሰቨን በፊት ከነበረው ቪስታ ጀምሮ፣ ኒያላ በሚባለው ፎንት ነው። ከዚያ በፊት ብዙው ሶፍትዌር ፊደሉን በራሱ መንገድ ያስቀምጥ ነበር። ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ የተተየበ የድሮ ክስ ዛሬ ሲከፈት ምልክት በምልክት የሚሆነው ለዚህ ነው። ለማንበብ ብቻ ከሆነ ሰቨን አያስፈልግም፤ የድሮውን ፎንት አዲሱ ዊንዶውስ ላይ መጫን ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ለፒችትሪው ደግሞ ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ውስጥ በፕሮግራም የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር፣ አለ። ይህን የሚሠራው ቨርቹዋልቦክስ ነፃ ነው። ሰቨን በአዲሱ ዊንዶውስ ውስጥ እንደ አንድ ፕሮግራም ይከፈታል፤ ባለ 32 ቢቱ በ1 ጊጋ ራም ይነሳል፣ 2 ቢሰጡት ይመረጣል። ኢንተርኔቱን ዘግቶ ማስቀመጥም ይቻላል። ይህ ቅንጦት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ዓለምን ያመሰው ዋናክራይ የተባለ ፋይል ቆላፊ ቫይረስ ማንም ምንም ሳይነካ በኔትወርክ ከማሽን ወደ ማሽን ይዘል ነበር። የደመወዝ ፋይል ባለበት ቢሮ የደኅንነት ማሻሻያ ያልተጫነበት ሰቨን ኔትወርክ ላይ መሰካት አይገባኝም።

አሮጌ ማሽን የያዘ ሰው ግን ሌላ ነው። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት ቺፕ ካላየሁ ይላል፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2025 አብቅቷል። እሱን አልወቅስም፤ በዊንዶውስ ምትክ የሚጫነውን ነፃውን ሊኑክስ ሚንት ግን ይሞክር።

ጥገና ቤቶች ለቨርቹዋል ማሽኑ ከፎርማት በላይ ቢያስከፍሉ ቅር አይለኝም። ሰዓት ይፈጃል፤ ፒችትሪውን ከነዳታው አዛውሮ፣ ፕሪንተሩ ማተሙን አይቶ ማስረከብ ይጠይቃል።