ማስተካከያ፦ የቬነስ ቀንና የጣና ጥልቀት

ባለፈው ሳምንት ከባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ሆነን ስለ ጎረቤታችን ፕላኔት ቬነስ ባወጣነው ጽሑፍ ውስጥ ስህተቶች ስለተገኙ እናርማለን።

«በቬነስ ላይ ከአንዱ ፀሐይ መውጫ እስከ ቀጣዩ 243 የምድር ቀናት ይፈጃል» ብለን ነበር። 243 ቀን ፕላኔቷ በራሷ ዛቢያ አንዴ ለመዞር የሚወስድባት ጊዜ ነው። ነገር ግን የምትሽከረከረው ከምድር በተቃራኒ አቅጣጫ ነው፤ ፀሐይንም በ225 ቀን ትዞራለች። ስለዚህ ከንጋት እስከ ንጋት ያለው ጊዜ 117 ቀን ገደማ ብቻ ነው። እዚያ ፀሐይ የምትወጣውም በምዕራብ ነው፤ ደመናው ወፍራም ስለሆነ ግን ቆሞ የሚያይ ቢኖር እንኳ አጥርቶ አያያትም።

ሁለተኛው ስህተት የበለጠ ያሳፍራል። የአየሩን ግፊት «ጣና ወለል ድረስ እንደ መጥለቅ ነው» ብለን ጻፍን። ጣና እኮ ጥልቅ በሚባለው ቦታ 15 ሜትር ገደማ ነው! የቬነስ ግፊት የምድር 92 እጥፍ ነው፤ ያን ለማግኘት ባሕር ውስጥ 900 ሜትር ያህል መውረድ ያስፈልጋል፤ ስልሳ ጣና ብንደራርብ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ያረፈችው የሶቪየቷ የጠፈር መንኮራኩር ቬኔራ 13 በዚህ ግፊትና ከ450 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት 127 ደቂቃ መሥራቷ ራሱ ይገርማል።

«ለፀሐይ የቀረበች ስለሆነች ከሁሉም ትሞቃለች» ያልነውም ይሰረዝ። ይበልጥ የምትቀርበው ሜርኩሪ ናት፤ ቬነስን የሚያግላት ሙቀቱን አፍኖ የሚይዘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው።

የአጥቢያ ኮከብና ምሽት በምዕራብ የምትታየው ደማቅ «ኮከብ» አንድ ናቸው ያልነው ግን ትክክል ነው፤ እሱ እንዳለ ይቆይ።