ስለ ጀልባዋ ባትሪ አንድ እርማት

ሰላም ወገኖች። ጅማ ተቀምጠን ውቅያኖስ የሚያቋርጥ ያገለገለ የሸራ ጀልባ ዕቃ ስንፈትሽ ማምሸታችን ደስ ይላል። አንድ ነገር ግን ይታረም። ብዙዎቻችሁ «ባትሪዋ 400 አምፔር ሰዓት (የሚይዘው የኤሌክትሪክ መጠን መለኪያ) ስለሆነ 400ውንም መጠቀም ይቻላል፤ እንዲያውም ባዶ እስኪሆን መጨረስ ዕድሜውን ያረዝማል» ብላችኋል።

ለእርሳስ አሲድ ባትሪ ይህ ልክ አይደለም። ለጀልባ ተብሎ የተሠራው ዓይነት እንኳ ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣል። ስለዚህ 400 ሲባል 200 ገደማ ብላችሁ አስቡ። ደጋግሞ ባዶ ሲሆን ውስጡ ያሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች ላይ ሰልፌት የሚባል ጨው ይጋገርና ቢሞላም እንደ ድሮው አይዝም። ባሕር መሃል ደግሞ ማቀዝቀዣው ብቻ አይደለም የሚቆመው፤ ጂፒኤሱም፣ ሬዲዮውም፣ የሌሊት መብራቱም አብረው ይጠፋሉ። ሊቲየም ከሆነ ሌላ ነው፣ አብዛኛውን አቅሙን ይሰጣል።

ማጣራቱ ቀላል ነው። መጀመሪያ ዓይነቱን ባትሪው ላይ አንብቡ። እርሳስ አሲድ ከሆነ፣ ሳይሞላም ሳይሠራም ለጥቂት ሰዓታት አሳርፋችሁ በቮልት መለኪያ ለኩት። ባለ 12 ቮልቱ 12.7 አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ላይ ደርሷል። መብራት ሲጠፋ ቤት የምንጠቀምበት የሶላር ባትሪም እርሳስ አሲድ ከሆነ ነገሩ ያው ነው።