ጄምስ ማካርቲ 9፣ ሊ ኪገን 0፦ ይህ ቁጥር ማንን ነው የሚለካው?

በ2024 መጨረሻ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ብራያን ፌንተንና ጄምስ ማካርቲ የደብሊንን መለያ ለመጨረሻ ጊዜ ማውለቃቸውን ሲያስታውቁ፣ የጌሊክ ፉትቦል ደጋፊዎች የማይቀረውን ክርክር ከፈቱ። ማካርቲ 9 የመላ አየርላንድ ሻምፒዮና ሜዳሊያ አለው። ይህን ያህል ያላቸው የቡድን ጓደኞቹ ስቲቨን ክላክስተንና ማይክል ፊትዝሲመንስ ብቻ ናቸው። ከእነሱ በፊት ክብረ ወሰኑ 8 ነበር፤ የያዙትም በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የነገሡት የኬሪ ተጫዋቾች ናቸው። በጥር 2023 ጫማውን የሰቀለው የሜዮው ሊ ኪገን ደግሞ አንድም ሜዳሊያ ሳያገኝ ተሰናበተ። ብዙ ደጋፊ ከዚህ ተነስቶ የሁለቱ ስም አብሮ መነሳት የለበትም ይላል። እኔ ይህን አልቀበልም። ምክንያቴም ለተሸናፊ ማዘን አይደለም፤ የሜዳሊያ ቆጠራ የሚለካው ሌላ ነገር ስለሆነ ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ፦ በእያንዳንዱ ወገን 15 ተጫዋች ይሰለፋል፣ ኳሱ በእጅም በእግርም ይሄዳል። ከአግዳሚው በላይ በቋሚዎቹ መካከል ያለፈ ኳስ 1 ነጥብ ነው፤ ከአግዳሚው በታች መረብ ውስጥ የገባ ጎል 3 ነጥብ ያስገኛል። ስለዚህ ውጤት 1-15 ተብሎ ሲጻፍ 1 ጎልና 15 ነጥብ፣ በድምሩ 18 ማለት ነው። ተጫዋቾቹ ደሞዝ የላቸውም። ቡድኖቹ የካውንቲ (እንደ ክፍለ ሀገር ያለ አካባቢ) ቡድኖች ናቸው፤ ሀብታሙ ካውንቲ ከድሃው ኮከብ ገዝቶ የሚያስፈርምበት ገበያ የለም። ሰው በመሠረቱ ለተወለደበትና ላደገበት ካውንቲ ይጫወታል። በ2022 የሕዝብ ቆጠራ ደብሊን ከ1.4 ሚሊዮን በላይ ነዋሪ ሲኖራት፣ ሜዮ ወደ 138 ሺሕ፣ ሊትሪም ደግሞ ወደ 35 ሺሕ ብቻ ነበራቸው። ሜዳሊያ የሚቆጥር ሰው ሳያውቀው በከፊል የትውልድ ቦታን እየቆጠረ ነው።

የማካርቲና የኪገን ንጽጽር ትምህርት የሚሰጠው ሁለቱም የመስመር ተከላካዮች ስለሆኑ ነው። የተጫወቱት በአንድ ዘመን፣ በአንድ ዓይነት ሕግ፣ ደጋግመውም እርስ በርስ ነው። ደብሊንና ሜዮ በ2013፣ በ2016ና በ2017 ለፍጻሜ ተገናኙ። የ2013ቱ 2-12 ለ1-14 አለቀ፤ ልዩነቱ 1 ነጥብ። የ2016ቱ መጀመሪያ እኩል ወጥቶ በድጋሚ ጨዋታ 1-15 ለ1-14 አለቀ፤ አሁንም 1 ነጥብ። የ2017ቱ 1-17 ለ1-16፤ ያው 1 ነጥብ። የሦስቱን ልዩነት ደምሩት፣ 3 ነጥብ ነው፤ የአንድ ጎል ዋጋ። የ2016ቱ የመጀመሪያ ጨዋታ ደግሞ 2-9 ለ0-15 ሲጠናቀቅ ሁለቱንም የደብሊን ጎሎች ያስቆጠሩት የሜዮ ተጫዋቾች በራሳቸው መረብ ላይ ነበር። ከደብሊን 15 ነጥብ 6ቱ የሜዮ ስጦታ ሆነ ማለት ነው። በእነዚያ ቀናት አንድ ኳስ ጥቂት ስንዝር ዞር ብሎ ቢሆን ኖሮ የማካርቲ 9 ወደ 6 ይወርድ፣ የኪገን 0 ወደ 3 ይወጣ ነበር፤ ሁለቱ ሰዎች ግን ያው በሆኑ ነበር።

አሁን ኪገን ራሱ በእነዚያ ፍጻሜዎች ምን እንደሠራ እንይ። በ2016ቱ ድጋሚ ጨዋታም ሆነ በ2017ቱ ፍጻሜ ሜዮ ያገባችው ብቸኛ ጎል የእሱ ነው። ተከላካይ ነው፤ የተመደበበት ሥራ እንደ ዲርሙድ ኮኖሊ ያለውን የደብሊን አደገኛ አጥቂ መያዝ ነበር። የኪገን ዘዴ ይህ ነው፦ አጥቂውን ተከትሎ ብቻ አይውልም፣ ኳስ ሲያገኝ ወደፊት ይሮጣል፤ አጥቂው ራሱ ወደ ኋላ ተመልሶ ተከላካይ እንዲሆን ያስገድደዋል። አጥቂው ለማጥቃት ያስቀመጠውን ጉልበት በማሳደድ ይጨርሳል።

በ2016ቱ ድጋሚ ጨዋታ ግን ጎሉን ካገባ በኋላ በመጀመሪያው አጋማሽ ጥቁር ካርድ ተሰጠው። በጊዜው ሕግ ጥቁር ካርድ ያየ ተጫዋች በሌላ ተቀይሮ ለቀሪው ጨዋታ አይመለስም ነበር። ከ2020 ወዲህ ቅጣቱ 10 ደቂቃ ውጭ መቀመጥ ሆኗል። በዛሬው ሕግ ኪገን የሁለተኛውን አጋማሽ አብዛኛውን ክፍል መጫወት ይችል ነበር። በ1 ነጥብ ለተሸነፈ ቡድን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የሚከሱት ሰዎች የሚያነሱት ሌላ ነገር አለ፤ እሱንም መሸፈን አያስፈልግም። በ2017ቱ ፍጻሜ በባከነ ደቂቃ፣ ውጤቱ እኩል ሆኖ፣ የደብሊኑ ዲን ሮክ የማሸነፊያውን ቅጣት ምት ሊመታ ሲንደረደር ኪገን ተጫዋቾች በጀርባቸው የሚይዙትን የጂፒኤስ መሣሪያ አውጥቶ ወደ ኳሱ ወረወረ። ሮክ አልተረበሸም፤ ኳሱ በአግዳሚው ላይ አለፈ፤ ደብሊን ዋንጫውን ወሰደ። ድርጊቱ ከጨዋታው መንፈስ ውጭ ነው፤ ስለ ኪገን በተነሳ ቁጥር መነሳቱም ተገቢ ነው። ግን ከአሥር ዓመት በላይ ምርጥ አጥቂዎችን ሲያቆም የኖረን ተከላካይ በአንዲት ሴኮንድ መመዘን ሚዛኑን መስበር ነው።

በሜዳ ላይ የገጠሙት ተጫዋቾች ምን አሉ? የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች በካውንቲ ተጫዋቾች ድምፅ ይመረጣል። በ2016 የተመረጠው ኪገን ነው፤ በ2017 ደግሞ የቡድን ጓደኛው አንዲ ሞራን። በሁለቱም ዓመት ዋንጫው የደብሊን ነበር። ኪገን የዓመቱ ምርጥ 15 ውስጥ የሚያስገባውን ኦል ስታር 5 ጊዜ አግኝቷል። በሜዳ እሱን መጋፈጥ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቁ ሰዎች ሜዳሊያውን አልጠየቁትም።

ሽልማትንም ቢሆን እንደ ወንጌል መያዝ አይገባም። በ2016ና በ2017 ኦል ስታር የሆነው ግብ ጠባቂ የሜዮው ዴቪድ ክላርክ እንጂ ክላክስተን አልነበረም። ክላርክ ድንቅ ግብ ጠባቂ ነው፤ ነገር ግን ጨዋታውን የቀየረው ክላክስተን እንደሆነ የሚክድ የለም። ክፍተቱ የመጣው ሽልማት ሰጪው ዓይን ወደዳነ ኳስ ስለሚሄድ ነው። የክላክስተን ትልቁ ሥራ ግን ኳስ ማዳን ሳይሆን ኳስ ማስጀመር ነበር።

ከእሱ በፊት የግብ ምት ማለት ኳሱን በተቻለ መጠን አርቆ ወደ መሐል ሜዳ መላክ ነበር፤ እዚያ አራት አምስት ሰው ይዘላል፣ ዕድሉም ግማሽ በግማሽ ነው። ክላክስተን ኳሱ ከሜዳ እንደወጣ ወዲያው አስቀምጦ፣ ተጋጣሚ ቦታውን ሳይዝ፣ ወደ መስመር ለሚሮጥ ተከላካይ ደረቱ ላይ ያሳርፍለታል። ተጋጣሚ ያንን ለመዝጋት ወደፊት ሲወጣ ደግሞ ከጭንቅላታቸው በላይ አሳልፎ የመሐል ሜዳው ተጫዋች ፌንተን ወዳለበት ቦታ ይልካል። ውጤቱ ቀላል ሒሳብ ነው፦ ኳስ የያዘ ቡድን ያስቆጥራል፣ ያልያዘ ይሮጣል። ከዚህ ሌላ በ2011 ፍጻሜ ከኬሪ ጋር እኩል ሆነው ከግቡ ወጥቶ ሜዳውን አቋርጦ የማሸነፊያውን ቅጣት ምት የመታው እሱ ነው። 1-12 ለ1-11 አለቀ፤ ደብሊን ከ1995 በኋላ ዋንጫ ሲያነሳ የመጀመሪያው ነበር።

በ2025 የወጣው አዲስ ሕግ የግብ ምት ከግቡ 40 ሜትር ርቆ ከተሰመረው ቅስት ማለፍ አለበት ይላል። አጭሩ ምት ከነጭራሹ ታገደ። ነገ የሚመጣ ደጋፊ የአንድን ግብ ጠባቂ የግብ ምት ስኬት ከክላክስተን ጋር በመቶኛ ሲያነጻጽር የሁለት የተለያዩ ሥራዎችን ቁጥር እያነጻጸረ ይሆናል።

የነጥብ አስቆጣሪዎች ዝርዝር ላይም ተመሳሳይ ችግር አለ። የኬሪው ኮልም ኩፐር በ2017 ሲሰናበት የሻምፒዮናው የምንጊዜም ከፍተኛ አስቆጣሪ ነበር፤ በ2019 የሜዮው ኪሊያን ኦኮነር አለፈው። «ማን ይበልጣል?» ከመባሉ በፊት ሁለት ነገር መለየት አለበት። አንደኛው በጨዋታ ላይ የተገኘ ነጥብና በቅጣት ምት የተገኘ ነጥብ ነው፤ የቡድኑን ቅጣት ምት የሚመታ ሰው ዝርዝሩ ላይ ሁልጊዜ ይወፍራል፣ የማይመታው ይቀጥናል። ሁለተኛው የጨዋታ ብዛት ነው። እስከ 2000 ድረስ አንድ ጊዜ የተሸነፈ ቡድን ይሰናበት ነበር፤ ኬሪ የ1979ን ዋንጫ ያነሳችው 4 ጨዋታ ብቻ ተጫውታ ነው። ከ2001 ጀምሮ የተሸነፈ በሌላ በር የሚመለስበት ዕድል ተሰጠ። በ2017 ሜዮ በጋልዌይ ተሸንፋ፣ በተጨማሪ ሰዓትና በድጋሚ ጨዋታ እየተንገላታች ፍጻሜ ስትደርስ 10ኛ ጨዋታዋ ነበር። የድምር ነጥብን ለጨዋታ ብዛት ሳያካፍል የሚያወራ ሰው የ4 ጨዋታን ዘመን ከ10 ጨዋታ ዘመን ጋር እያደባለቀ ነው። በ2025 ደግሞ ከ40 ሜትር ቅስት ውጭ የተመታ ኳስ 2 ነጥብ ሆኗል፤ ከዚህ በኋላ የሚሰበር የነጥብ ክብረ ወሰን በሌላ መዝገብ ሊጻፍ ይገባል።

ሜዳሊያው ራሱ እንኳ በትክክል ምን እንደያዘ አይናገርም። ኩፐር 5 ሜዳሊያ አለው ይባላል፤ ከእነዚህ አንዱ የ2014ቱ ነው። በዚያ ዓመት ጉልበቱ ተጎድቶ በሻምፒዮናው ሜዳ አልገባም። ይህ የኩፐርን ክብር አይቀንስም። ተጠባባቂ ወንበር ላይ የዋለና ሰባ ደቂቃ የሮጠ ግን እኩል ሜዳሊያ እንደሚወስዱ መዘንጋት የለበትም።

ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ምሳሌ ዴክላን ብራውን ነው። ቲፐራሪ ልቧን በዱላና በትንሽ ኳስ ለሚጫወቱት ለኸርሊንግ የሰጠች ካውንቲ ናት፤ የጌሊክ ፉትቦል ቡድኗ ደካማ ነበር። ብራውን ከዚያ ቡድን ወጥቶ በ1998ና በ2003 ኦል ስታር ሆነ። ዙሪያውን ኳስ የሚያቀብለው ባነሰበት፣ ሁለት ሁለት ተከላካይ በሚመደብበት ሁኔታ ማስቆጠር ከደብሊን አጥቂ መስመር ውስጥ ሆኖ ከማስቆጠር ይከብዳል። ሜዳሊያ ቆጣሪዎች ስሙን እንኳ አያነሱም።

በሌላ በኩል ያለውም ወገን ይሳሳታል። የደብሊንን ድል ሁሉ በገንዘብ፣ በሕዝብ ብዛትና ፍጻሜዎች የሚደረጉበትን የደብሊን ስታዲየም ክሮክ ፓርክን እንደ ቤቱ በመጠቀሙ ብቻ የሚያስረዱ አሉ። እነዚህ ጥቅሞች እውነት ናቸው፤ ስለ አከፋፈሉ መሟገትም ተገቢ ነው። ነገር ግን ፌንተንን አያስረዱም። ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው በደብሊን ቀድሞም ነበር፤ ከ1995 እስከ 2011 ግን አንድም ዋንጫ አልመጣም። ፌንተን በ2015 ከገባ ጀምሮ እስከ 2021 ግማሽ ፍጻሜ ድረስ በሻምፒዮና ሽንፈት አላየም። ከዚያ ቀን በፊት ደብሊን 45 የሻምፒዮና ጨዋታ ሳይሸነፍ ሄዶ ነበር። ያንን ጉዞ የቆረጠችው ደግሞ ሜዮ ናት፤ ኪገንም በዚያ ቡድን ውስጥ ነበር።

የዕድሜ ጉዳይም በጥንቃቄ መታየት አለበት። ፌንተን የተሰናበተው በ31 ዓመቱ ነው፤ ኑሮው ከኳስ አይመጣም። «ቀድሞ ወጣ፣ ሁለት ዋንጫ ተወ» የሚል ወቀሳ ደሞዝ ለሚከፈለው ተጫዋች እንጂ ከሥራ በኋላ ለሚለማመድ ሰው አይሆንም። ደግሞም ከካውንቲ መሰናበት ከጨዋታው መሰናበት አይደለም፤ ሰዎቹ ወደ ክለባቸው ይመለሳሉ። ኪገን በመጨረሻዎቹ ወራቱ ከክለቡ ዌስትፖርት ጋር በ2022 የሜዮን የክለቦች ሻምፒዮና አንስቷል፤ ለክለቡ በታሪኩ የመጀመሪያው ነው። የዶኒጎሉ ማይክል መርፊ ደግሞ በ2022 ተሰናብቶ፣ ለ2025 ተመልሶ፣ በ35 ዓመቱ ፍጻሜ ደረሰ፤ ኬሪ 1-26 ለ0-19 አሸነፈቻቸው። ሰው ጫማውን በሰቀለ ማግስት የመጨረሻ ፍርድ የሚሰጥ ደጋፊ በመርፊ ጉዳይ ሁለት ዓመት ቸኩሎ ነበር።

ከ2011 እስከ 2024 ያለውን ዘመን ምርጥ 15 ብመርጥ ከመስመር ተከላካዮቹ መለያዎች 5 ቁጥርን ለኪገን፣ 7 ቁጥርን ለማካርቲ እሰጣለሁ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ከተባልኩ በመጀመሪያ የምጠይቀው ማን እንደሚጋጠመን ነው። መሪነቱን ይዘን የመጨረሻው አሥር ደቂቃ ከቀረ፣ ኳሱን ተሸክሞ ከጭንቀት የሚያወጣን ማካርቲ ነው። ተጋጣሚያችን ኮኖሊን የመሰለ አጥቂ ይዞ ከመጣ ግን ያለማመንታት ኪገንን አሰልፋለሁ።